ወንድሜ ከአራተኛ ደረጃ ሲወርድ

በወንድሜ አንገት ላይ ያበጠውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። መርሳ ላለችው ሱቄ ቀለምና ሚስማር ልጭን ወልድያ በሄድሁ ቁጥር ጋራዡ ጎራ ሳልል አልመለስም። ያን ቀን ከአንድ የጭነት መኪና ሥር በጀርባው እየተንሸራተተ ሲወጣ፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ ሎሚ የሚያህል ነገር አየሁበት። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው ዘይት በነካው እጁ ዳሰስ አድርጎ «የጥርስ ነው፣ ይሄዳል» አለኝ። ወንድሜ የሰው መኪና ሲሆን ሞተሩን ከሩቅ ሰምቶ የታመመውን ቦታ ይናገራል። የራሱ ገላ ሲሆን ግን ሁሉ ነገር የጥርስ ነው። ጉልበቱን ቢያመውም የጥርስ ነው ከማለት አይመለስም።

ታላቄ ነው፤ እኔ ታናሽ እኅቱ ነኝ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባና እናታችንንም እኔንም ተሸከመን። እኔ ዛሬ ባለሱቅ የሆንሁት፣ ልጆቼንም ያስተማርሁት በእሱ ትከሻ ነው። ስለዚህ እወደዋለሁ፤ የምወደውን ሰው ደግሞ የምወደው እየተቆጣሁ ነው፣ ተፈጥሮዬ እንዲያ ሆኖ። በስልክ ስነዘንዘው ከረምሁ። አልሰማ ሲለኝ አንድ ማለዳ ሱቄን ቆልፌ ቤቱ ድረስ መጣሁና ቱታውን እንኳ ሳላስቀይረው እየገፋሁ ሆስፒታል ወሰድሁት። ሚስቱ ከኋላችን ቆማ ትመርቀኝ ነበር። እሷ ብትሞክረው ኖሮ ከበሩም አታሳልፈውም።

የተቀበለችን የአንገት በላይ ሐኪም በዕድሜ የእኔን ትልቋን ልጅ ብትበልጥ ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ነጩ ጋውን የሰፋት፣ ትንሽ ሴት ናት። ሳያት «ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች?» አልሁ በሆዴ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጉሮሮውን በመብራት አየች፣ እብጠቱን በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰች፣ ነገሩ ከቶንሲሉ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም ብላ ከዚያ ናሙና ወሰደች። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ፣ አረቄ ያዘወትሩ እንደሆነ ጠየቀችው። «ናፍጣ እሸታለሁ እንጂ ሲጋራስ አላውቅም» አላት። እኔና እሱ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ለውጤቱ ብቻዬን ሄድሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ቤተ ዘመድ ቀድሞ ይሰማል፣ ቀድሞ ያለቅሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ነው ወደ እሱ የሚሄደው። እኔም ገና ሳልቀመጥ «ለእሱ እንዳትነግሪው» አልኋት። እሷ እርስዎ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ።

«ሕመሙ የእሳቸው ነው» አለችኝ።

«ሰውየው ግን የእኛ ነው» አልኋት።

«እኔ ፈልጌ ሄጄ አልነግራቸውም። መጥተው ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም» አለችና ነገረችኝ። ካንሰር ነው። ከቶንሲሉ ተነሥቶ የአንገቱ ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል። በሚቆጠርበት ሥርዓት አራተኛ ደረጃ ነው።

«ስንት ደረጃ ነው ያለው?» አልኋት።

«አራት።»

«አምስተኛ የለም?»

«የለም» አለችኝ፤ ዓይኗንም ከዓይኔ አላነሣችም።

ሚስቱና እኔ፣ አጎታችንን ግራና ከምትባል የገጠር ከተማ አስመጥተን መከርን። አጎታችን የእናታችን ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታችንም የምትኖረው ከእሱ ጓሮ ለጓሮ ነው። ሐኪሟ አዲስ አበባ ወርዶ ጨረር ይታከም ብላ ነበር። እኛ ግን መጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰን ሰው ለምን እናንገላታዋለን፣ ለምን በጨረር እናቃጥለዋለን አልን። ከመኪኖቹ ጋር በሰላም ይሰንብት፤ ጠበሉም ቅርብ ነው። ለእሱ እጢ ነው፣ ቀስ እያለ ራሱ ይሟሟል አልነው። ይሟሟል የምትለዋን ቃል ያመጣኋት እኔ ነኝ። ደስ ብሎት ወደ ሥራው ተመለሰ። ያን ሰሞን ሚስማር ስመዝን እንባዬ ሚዛኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ደንበኛ ሲገባ የሲሚንቶ አቧራ ነው እላለሁ።

እኛ የጨረስነውን ነገር ሐኪሟ አልጨረሰችውም ነበር። ለአንድ ጉዳይ ወንድሜ ቤት ሳለሁ ደወለችልኝ። አንድ ምርመራ ይቀራል አለች። ከጉሮሮው የተቆረጠችው ናሙና በሰም ውስጥ ተደርጋ ተቀምጣለች፤ አዲስ አበባ ያለ ላቦራቶሪ ካንሰሩን ያመጣው ቫይረስ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሊያይባት ይችላል፤ እዚህ ግን ይህ አይሠራም። ደሜ ፈላ። «ካንሰሩ አልበቃ ብሎ ቫይረስ ልትጨምሪበት ነው?» አልኋት። ስልኩን ድምፁን ከፍቼው ስለነበር ሚስቱ ቫይረስ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ቫይረስ ሲባል የአገሬው ሰው ልብ የሚሄደው ወደ አንዱ ነው። ሐኪሟም ይህን ታውቃለችና ሳንጠይቃት «የምታስቡት አይደለም» አለች።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችን። ይህኛውን ቫይረስ ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ሳያውቀውም ይለቀዋል። በጥቂት ሰው ጉሮሮ ውስጥ ግን ተደብቆ ዓመታት ይኖርና ወደ ካንሰር ይለውጠዋል። ይህ ቫይረስ ያመጣው ካንሰር ሲጋራ ከሚያመጣው ይልቅ ለሕክምና ይታዘዛል፤ ስለዚህም ደረጃው የሚቆጠረው በሌላ መስፈርት ነው። ወንድሜ ሲጋራ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ነው የጠረጠረችው። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን አንዴም ከፍ አላደረገችም። እኔ ከሰማሁት ነገር ግማሹን እንኳ በቅጡ አልያዝሁትም፤ ቢሆንም ናሙናዋ ትሂድ አልኋት።

የአዲስ አበባው መንገድ ያን ሰሞን አንድ ቀን ቢከፈት ሌላ ቀን ይዘጋል። ናሙናዋን ይዞ የሚወርድልን ሰው ስንፈልግ የተገኘው የወንድሜ የዱሮ ደንበኛ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሙቀት እንዳያገኛት፣ ሰሙ እንዳይቀልጥ ተብያለሁ። ሹፌሩ «ምንድን ናት?» አለኝ። ለወንድሜ እንዳያወራ ፈርቼ «ሰም ናት» አልሁት፤ ውሸትም አይደለም። «ለጧፍ ነው አዲስ አበባ ድረስ?» ብሎ ሳቀብኝ። «የስለት ናት» አልሁት። ስለት መሆኗን ሲሰማ ሳቁን ተወ። ፀሐይ ከሚመታው ከመሪው ፊት አላስቀመጣትም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ኋላ፣ ከውኃው ጀሪካን አጠገብ አኖራት። ኮምቦልቻ ሲደርስ ደወለልኝ፣ ሸዋ ሮቢትም ሲደርስ ደወለልኝ፤ «ስለትሽ ደኅና ናት» ይለኛል። የገዛ መካኒኩ ሥጋ መሆኗን ሳያውቅ እንዲያ የተጠነቀቀላትን ሰው እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሟ በስልክ አልነገረችኝም፤ ይምጡ አለችኝ። ከመርሳ ወልድያ ያለችው መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለችኝ። ስገባ ከወንበሯ ተነሥታ በሩን ራሷ ዘጋችው።

«ቫይረሱ ተገኝቷል» አለችኝ። «ለዚህ ዓይነቱ በተሠራው አቆጣጠር ወንድምዎ አንደኛ ደረጃ ናቸው።»

«ከአራት ወደ አንድ? ተሳስታችሁ ነበር ማለት ነው?»

«አልተሳሳትንም። እብጠቱ ያው ነው፣ ያለበትም ቦታ ያው ነው። የተለወጠው ስለ እሱ የምናውቀው ነገር ነው።» ከዚያ ደስታዬን አይታ ነው መሰለኝ ቶሎ ጨመረች። «ይድናሉ ብዬ አልምልልዎትም። ጨረሩ ከባድ ነው፣ ያንገላታል። ግን ከታከሙ ተስፋቸው ትልቅ ነው። ካልታከሙ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም።»

ወጥቼ ሆስፒታሉ ግቢ ካለች የግራር ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። አራት ብላ ነገሩን ብትዘጋው ማን ይወቅሳት ነበር? የገዛ ዘመዶቹ እኛ እንኳ ዘግተነው ነበር እኮ። በየቀኑ በሯ ላይ የሚሰለፈው ሕዝብ ለአንድ መካኒክ ጉሮሮ ሁለት ጊዜ እንድታስብ ጊዜ የሚሰጣት አይደለም። እሷ ግን አንዲት ሲጋራ አላውቅም የምትል ቃል ይዛ ከረመች። ጋውኑ የሰፋት ልጅ ያልኋት ሴት በዓይኔ እንዲህ ከፍ አለችብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ሳገኛት አንቱ እላታለሁ።

አሁን የቀረው ወንድሜን አዲስ አበባ ማውረድ ነበር፤ በዚህ ላይ የገዛ ውሸታችን አሰረን። ጋራዡ ሄጄ ጨረር ታክመህ ና ስለው እንደ እብድ አየኝ። «ለእጢ? ከወር በላይ አዲስ አበባ ልቀመጥ? ጋራዡን ለማን ጥየው?» እብጠቱ ጨምሯል ስለው «ራሱ ይሟሟል ብለሽኝ የለ?» አለኝ፤ ቃሌን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሚስቱ ለመነችው፣ አልሆነም። ለትንሽ ነገር ከሥራ የሚቀር ሰው አይወድም፤ ሲያሳድገንም እንዲያ ብሎ ነው ያሳደገን። ሐኪሟ ደግሞ ቀኑ ባለፈ ቁጥር ያገኘነው ተስፋ ይሸረሸራል ትላለች። መልካሙን ወሬ ለመንገር መጀመሪያ ክፉውን መንገር ሊኖርብን ነው፤ ያን የሚደፍር አፍ ከሁለታችንም ጠፋ።

አጎታችን «ሽማግሌ ይንገረው» አለ። እኔም «አንቱ ያሉት ይሁን» አልሁት፤ ሸክሙ ከእኔ ወርዶ ማንም ቢሸከመው ግድ አልነበረኝም። አጎቴ፣ የወንድሜ የነፍስ አባት የሆኑት ቄስና የደጅ ጎረቤቱ ሼኽ፣ ሦስቱ ተመካከሩ። ሼኹ ከወንድሜ ጋር አንድ ውኃ ልክ ላይ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ሲኖሩ ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ያለ እሳቸው በዚያ ቤት ሠርግም ለቅሶም አይሆንም። አጎቴ ከግራና መጥቶ እሳቸው ቤት አደረ። እኔም ልጠይቃችሁ መጣሁ ብዬ ወንድሜ ቤት አደርሁ። ሰዓቱን የመረጡት እነሱ ናቸው፤ ከባድ ነገር ከጎህ በቀር በሌላ ሰዓት መንገር አያውቁም። እኔስ ብሆን በዚያው አድጌ የለ፤ ምንም ነገር አልታየኝም።

በሩ ሲንኳኳ ወንድሜ ጋቢውን ደርቦ እሱ ከፈተ። እኔ ከጓዳው በር ቆሜ በጀርባው በኩል አያለሁ። ሦስት ሽማግሌዎች በግራጫው ብርሃን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዝም ብለው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከእናታችን ጓሮ የመጣው አጎታችን ነው። ያኔ ነው የሠራነው ነገር የገባኝ፤ ግን ረፍዶ ነበር።

«እናቴን» አለ ወንድሜ። ደፉ ላይ ተቀመጠ። «እናቴን፤ ሳልሄድላት» እያለ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። አባታችን ሲሞት ያላየሁትን ልቅሶ አየሁበት።

ሽማግሌዎቹ አዘጋጅተው የመጡት ንግግር ሁሉ ጠፋቸው። ቄሱ «ኧረ ተው ልጄ፣ ተው» ይላሉ። ሼኹ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት። «አብሽር፣ እናትህ ደኅና ናቸው። ወላሂ ደኅና ናቸው።»

«ታዲያ ማን ሞተ?» አለ ቀና ብሎ።

«ማንም አልሞተም» አለ አጎቴ፤ ደንግጦ ያንን ሁሉ ሲያጠናው ያደረውን ምሳሌና መግቢያ ዘሎት። «አንተ ነህ የታመምኸው። ያ አንገትህ ላይ ያለው ካንሰር ነው።»

«እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

ወንድሜ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «ተመስገን» አለ።

በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ሰው እንዲያ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሕመሙን ንቆ አይደለም። እናትህ ከምትሞትና አንተ ከምትታመም ምረጥ ቢሉት፣ የሚመርጠው እንደተመረጠለት ሰው ነው የተነፈሰው። ወንድሜን ሁልጊዜ እወደዋለሁ፣ ያን ማለዳ ግን አከበርሁት። ተነሥቶም ሽማግሌዎቹን «ግቡ እንጂ፣ በር ላይ ቆማችሁ ጎረቤት እንዳታስደነግጡ» አላቸው። ተቀምጠው ስለ ቫይረሱና ስለ ደረጃው ሊያስረዱት ሞከሩ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያርመዋል፣ አጎቴ አንዱን ከአራቱ ይበልጣል ብሎ ጭራሽ ገለበጠው። ወንድሜ አጨራረሱን ሳይጠብቅ «ከራሷ አፍ ልስማው» አለ።

ፀሐይ ሞቅ ሳይል ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። ምንም ሳትሸሽግ፣ ምንም ሳትቆነጥር ነገረችው። ሰምቷት ሲጨርስ «ገባኝ» አለ። «ሁለት መኪና ያጨሳል፤ ጭሱ አንድ ነው። አንዱ ሞተሩ አልቆ ነው፣ አንዱ ማጣሪያው ተደፍኖ ነው። እኔን ያገኘኝ ሁለተኛው ነው።» ሐኪሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ማጣሪያ የመቀየርን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ግን ወዲያው ነገረችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቫይረሱ ባይገኝ ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር?»

ሐኪሟ ወረቀቷን አየች። «ማንም» አልሁት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን በእሱ ቦታ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን እያየ አሰበና «እኔም ላንቺ አልነግርሽም ነበር» አለኝ። ያ ነገሩ ከቁጣ ይልቅ አመመኝ፤ እውነት ነውና። ለሐኪሟም «ዶክተር፣ ከዛሬ ጀምሮ የኔን ነገር መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። ይቺን ከውጭ ያስቀምጡልኝ» አላት። እሷም «በደስታ» አለች፤ ይህን ስትል እኔን ማየቷ ትንሽ አናዶኝ ነበር።

አዲስ አበባ የጨረሩን ጊዜ አብሬው ከረምሁ። ጉሮሮው ተቃጥሎ ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ ከመርሳ ያስመጣሁለትን ማንጎ ጨምቄ ሳቀርብለት አንድ ጊዜ ቀምሶ እንባው ወረደ። ከሰውነቱ ግማሹ የሄደ መሰለኝ። መናገር ሲከለክለው በእጁ ምልክት ይቆጣኝ ነበር። አንድም ቀን ግን ቀጠሮውን አላጎደለም፤ ከመኝታው ተነሥቶ ጋራዥ እንደሚገባ ሰው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ማሽኑ በላዩ ሲዞር ድምፁን እየሰማ ይተኛል፤ አንድ ቀን ሲወጣ በሹክሹክታ «ማሽኑን ጥሩ ነው የሚይዙት፣ አንድ ነገር አይንጫጫም» አለኝ። እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ። ወልድያ ስንመለስ ድምፁ ቀጥኖ፣ የምግብ ጣዕም ርቆት ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ሲሠሩ ሞተር እየሰማ ያርማል።

ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቅበት ቀጠሮ ሲደርስ ከመርሳ መጣሁ። እንደተባለው ከውጭ ቀረሁ። እሱ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አግዳሚው ላይ ከአንዲት ልጇን ካዘለች እናት አጠገብ ተቀምጬ ያን የተዘጋ በር ሳይ፣ የሰው ወሬ ከበር ውጭ መጠበቅ ምን እንደሆነ በገዛ ሆዴ አወቅሁት። ጸሎት ጀምሬ መሐሉ ይጠፋኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

በሩ ተከፍቶ ወጣ። ፊቱ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። ከአግዳሚው ተነሣሁ።

«ምን አለችህ?»

ኮቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግራ ቀኝ አየ። በዚያች በቀጠነች ድምፁ «እንዲህ ያለ ነገር በቀን አይነገርም» አለኝ። «ሽማግሌዎቹን መርሳ እልካቸዋለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ በርሽን ክፈቺላቸው።»

ይህን ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቀ። እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ እያለቀስሁ ሰደብሁት። ውጤቱን በቃል አልነገረኝም፤ ሳቁ ነግሮኝ ስለነበር ባጃጅ እስክንይዝም ድረስ አልጠየቅሁትም።